«የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረቱ» ማለት ምንድን ነው?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ሬዲዮው ሁለት ትንንሽ የደሴት አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረቱ አለ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ሳቀ። «ሕዝባቸው ተደምሮ ስታዲየም አይሞላ፤ ኤምባሲውን በምን ገንዘብ ሊከፍቱት ነው?» ጓደኛው ቀበል አድርጎ «እስከ ዛሬስ ተኳርፈው ነበር እንዴ?» አለ።

ዓለም አቀፍ ሕግ አስተምራለሁ። ይቺን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ። በቴሌቪዥን የሚቀርብ ተንታኝም ሲላት ሰምቻለሁና በሰዎቹ አልፈርድም።

ስለ ኤምባሲ ማን አወራ? የአገሮችን የዲፕሎማሲ ግንኙነት የሚገዛው ውል፣ የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና ኮንቬንሽን፣ አንቀጽ 2 ላይ ነገሩን ለያይቶ ነው የሚጠራው። ግንኙነት መመሥረት አንድ ነገር፣ ቋሚ ሚሲዮን (ማለትም ኤምባሲ) መክፈት ሌላ ነገር። ለሁለቱም የሁለቱ ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል።

እኛ ጎረቤታሞችን «ቡና ይጠጣጣሉ» ወይም «ቡና አይጠጣጡም» እንላለን አይደል? ጎረቤት መኖሩን ማወቅ እውቅና ነው፤ አንዱ አገር የሌላውን አገርነት መቀበሉ ማለት ነው። አጥሩን ታያለህ፣ የጭሱን ሽታ ታውቀዋለህ፣ «እዚያ ቤት የለም» አትልም። አንዷ በአጥር ላይ «ቡናው ደርሷል፣ ኑ!» ብላ ስትጣራ፣ ሌላዋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ስትመጣ ነው ግንኙነት የሚባለው። ለቡና ብላ ግን እዚያ ግቢ ቤት አትሠራም። ኤምባሲ ቤቱ ነው። አምባሳደርን ለምክክር ወደ አገሩ መጥራትስ? አቦሉን ጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ብድግ ማለት ነው። ቅያሜ አለ፤ ቡናው ግን አልቀረም።

ምሳሌዬ የሚያነክስበት ቦታ አለ። ቡና ዝም ብሎ ይለመዳል። ዲፕሎማሲ ግን የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም በፊርማ።

አሜሪካና ቡታንን እዩ። አንዳቸው የሌላውን አገርነት አይክዱም። መደበኛ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ግን የላቸውም፤ ጉዳይ ሲኖር በኒው ዴልሂ በኩል ይነጋገራሉ። ተኳርፈዋል? በፍጹም። ሰው የሚምታታበት አንዳንዴ እውቅናውና ግንኙነቱ በአንድ ቀን ስለሚሆኑ ነው። አሜሪካ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ላሉት ለኩክ ደሴቶችና ለኒዌ እውቅና ስትሰጥ ግንኙነቱንም አብራ መሠረተች። (ካነሳነው አይቀር፣ የተባበሩት መንግሥታት አባል መሆን በራሱ የእያንዳንዱን አባል አገር እውቅና አያስገኝም። ይሄንንም ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይስቱታል።)

ትንንሾቹ እንዴት ያደርጉታል? የፓስፊኳን ደሴት አገር ቱቫሉን ውሰዱ፤ ሕዝቧ 11 ሺህ ገደማ ነው። እንዲህ ያሉ አገሮች ብዙውን ጊዜ የሚፈራረሙት ኒው ዮርክ ላይ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ቋሚ መልእክተኞቻቸው እዚያው አሉና። አጭር የጋራ መግለጫ፣ ሁለት ብዕር፣ አንድ ፎቶ። አለቀ። ከዚያ በኋላ አምባሳደር ቢሾምም እዚያ አገር መኖር የለበትም። ተቀባዮቹ አገሮች ካልተቃወሙ አንድ አምባሳደር ለብዙ አገር ሊመደብ ይችላል፤ አንቀጽ 5 ይፈቅዳል። ታዲያ ጥቅሙ? ዜጋህ እዚያ ሲታሰር ለማን እንደምትጽፍ ታውቃለህ። በ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) የቆንስላ ኮንቬንሽን መሠረት ለዲፕሎማሲ ግንኙነት የተስማማ፣ ሌላ ነገር ካልተባለ፣ ለቆንስላ ግንኙነቱም (ዜጎችን ለሚረዳው ሥራ) እንደተስማማ ይቆጠራል።

ለወሎ ሰው ይሄን ማስረዳት አልነበረብኝም። ከሐይቅ አልፈህ ወደ ወልድያ ስትሄድ ውጫሌን ታገኛለህ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ጉዳዩ ይኸው ነበር። የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላታል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ጎረቤቶችሽን ቡና የምትጠሪው በእኔ አፍ ነው እንደማለት። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ምን እንደተባለ ለዚያ ማኪያቶ ቤት ሰውዬም ቢሆን አልነግረውም።