«መጫወቻ ነው»፣ «ባዶ ነው» እና ሌሎችም፦ ስለ አየር ጠመንጃና ካምፒንግ

ሰመር ሲገባ ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ለጁላይ 4 ድንኳን ይዘን ልንወጣ ነው፣ ለልጁ ቢቢ ጋን ገዛሁለት፣ መቼም ችግር የለውም አይደል?» ቢቢ ጋን ማለት «ቢቢ» የሚባሉ ትንንሽ ድቡልቡል የብረት ጥይቶች የሚተኩስ የአየር ጠመንጃ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ በአንድ የተኩስ መለማመጃ ቦታ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስለምሠራ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። ጠየቀኝ ልበል እንጂ መልሱን ይዞት ነው የሚመጣው። የሚፈልገው ራሴን እንድነቀንቅለት ብቻ ነው። አልነቀንቅም።

«መጫወቻ እኮ ነው።» መጫወቻ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ የሚበር ብረት አይተፋም። ፔለት የምንለው የእርሳስ ጥይት ቆዳ ለመብሳት የሚበቃው ፍጥነት እዚያው አካባቢ ነው። ለዓይን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ሞላ ያላቸው ብዙ ጠመንጃዎች ከዚህ እጥፍ ይተኩሳሉ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን በእነዚህ ጠመንጃዎች በዓመት በአማካይ 4 ሰው ገደማ እንደሚሞት አስጠንቅቋል። በሰከንድ ከ350 ጫማ በላይ የሚተኩሱትን ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይጠቀሙባቸውም ይመክራል። ሣጥኑ ላይ ፍጥነቱ በትልቁ ተጽፏል። አንብቡት። በነገራችን ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦስትሪያ ጦር ወታደሮቹን በአየር ጠመንጃ አስታጥቆ ነበር። ለጨዋታ አልነበረም።

«ባሩድ ስለሌለው ሕግ አያገኘውም።» ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይህ የሚያሳስተው። እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት «ፋየርአርም» የሚባለው በፈንጂ ኃይል የሚተኩሰው ነው። ስለዚህ የአየር ጠመንጃ እዚያ ውስጥ አይገባም። ግን ድንኳን የምትተክሉት ፌዴራል ሕግ ላይ ሳይሆን አንድ መሬት ላይ ነው። ያ መሬት ደግሞ ባለቤት አለው። ሸናንዶዋን የመሰለ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ «የጦር መሣሪያ» የሚለው ትርጉም በአየርና በሞላ የሚሠራውንም ይጨምራል። ወንጭፍ ሳይቀር ተጠቅሷል! መተኮስ አይቻልም። መኪና ውስጥ ወዲያው እንዳይተኮስ ሆኖ ካልታሸገ መያዙም ክልክል ነው። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከፈቀደላችሁ እውነተኛ ሽጉጥ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ያ ፈቃድ ግን የልጁን ቢቢ ጋን አይሸፍነውም። ይህንን የነገርኩት ሰው ሁሉ የምቀልድ ይመስለዋል።

ብሔራዊ ደን ሌላ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ደንን የመሳሰሉት ማለቴ ነው። እዚያ ከመኖሪያ ቤት፣ ከካምፕ ቦታ ወይም ሰው ካለበት በ150 ያርድ ውስጥ መተኮስ አይፈቀድም። 137 ሜትር መሆኑ ነው። መንገድ አሻግሮ መተኮስም ክልክል ነው። ደንቡ «ጉዳት ማድረስ የሚችል ማንኛውም መሣሪያ» ስለሚል «አየር ነው» ማለት አያድናችሁም። ከድንኳናችሁ ደጃፍ ቆማችሁ ቆርቆሮ የምትመቱ ሰዎች፣ ስለ እናንተ ነው የማወራው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ደን የራሱ ተጨማሪ ትዕዛዝ ሊኖረው ይችላል። የሬንጀሩ፣ ማለትም የደን ጠባቂው፣ ቢሮ ስልክ ያነሳል፣ ደውሉ። ወደ ኒው ጀርሲ የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ እዚያ የአየር ጠመንጃ በሕግ እንደ ባለ ባሩዱ ጠመንጃ ነው የሚታየው። ቤታችሁ ተዉት።

«ፖሊስ ልዩነቱን ያውቃል።» እ.ኤ.አ. በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በፖሊስ ተተኩሶ ሲገደል ይዞት የነበረው ኤርሶፍት፣ ማለትም የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ሽጉጥ፣ ነበር። ፖሊሶቹ ከደረሱ በኋላ የተኮሱት በሰከንዶች ውስጥ ነው። ጥቁር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። ጠመንጃው ከመኪና እስከ መተኮሻው ቦታ ድረስ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ አዋቂ ይያዘው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ባዶ ነው።»

በሥራዬ ከምሰማው ቃል ሁሉ እንደዚህ የምጠላው የለም። ተራ ጠመንጃ ላይም መጥፎ ነው፣ ቢቢ ጋን ላይ ግን ይብሳል። ለምን መሰላችሁ? በብዙዎቹ ቢቢ ጋኖች ውስጥ ድቡልቡል ጥይቶቹ ተለይተው አይቀመጡም። ካዝናው ውስጥ ልቅ ሆነው እየተንከባለሉ ነው ወደ መተኮሻው የሚወርዱት። አንዷ የሆነ ቦታ ተሰንቅራ ልትቀር ትችላለች። ስትተኩሱ አየር ብቻ ይወጣል። እንደገና ትተኩሳላችሁ፣ አየር። ሦስተኛም አየር። «አለቀ» ትላላችሁ። ከዚያ አንድ ሰው ያነሳዋል፣ ዘንበል ያደርገዋል፣ ወይም መሬት ይነካል። የተሰነቀረችው ትወርዳለች። አራተኛው አየር አይደለም።

ከየት አወቅኩት? ከራሴ። ከዓመታት በፊት ዌስት ቨርጂኒያ፣ አንድ ወዳጄ መሬት ላይ ሦስት ቤተሰብ ሆነን ሰፍረን ነበር። እኔ ያኔም የተኩስ ቦታ እሠራለሁ። አዋቂው እኔ ነኝ። ልጆቹ ተኩሰው ሲጨርሱ ጠመንጃውን ተቀበልኩ፣ ወደ መሬት ሁለቴ ምላጩን ሳብኩ፣ አየር ብቻ። ዛፍ ላይ አስደገፍኩትና ወደ ሥጋው ጥብሳችን ሄድኩ። የወዳጄ ልጅ አነሳው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እንደ ጨዋታ ፓምፕ አደረገና ሳበው። እናቱ ቡና የምታፈላበት ረከቦት ሦስት እርምጃ ላይ ነበር። የተመታው ከጎኗ ያለው የውኃ ጄሪካን ነው። በቀጭኑ ሲፈስ ሁላችንም እሱን ነው የምናየው፣ የሚናገር የለም። ልጁ ልቆጣው ስል ቀደመኝ፤ «ጋሼ፣ ባዶ ነው ብለሃል እኮ።»

ብያለሁ።

ስለዚህ ተኩሶ መሞከር ማረጋገጫ አይደለም። ካዝናውን ክፈቱ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጋችሁ ዘቅዝቁት፣ አራግፉት፣ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩ። ከዚያም በኋላ እንደ ጎረሰ ጠመንጃ ያዙት። መሐሉ ተሰብሮ የሚጎርሰው ዓይነት ከሆነ ሰብራችሁ በርሜሉን ተመልከቱ። በተለይ ይህን ባዶውን እየተኮሳችሁ አትፈትኑት፣ ጥይት ሳይኖር ሲተኮስ ሞላው ይጎዳል። ማታ ደግሞ ጠመንጃው መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር፣ ጥይቱ ለብቻው። ዛፍ ላይ አይደገፍ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ዛፉ ያቆመዋል።» የብረት ቢቢ ከእንጨትም ከድንጋይም ከቆርቆሮም ነጥሮ ወደ እናንተ ይመለሳል። የወረቀት ዒላማ፣ ከኋላው የአፈር ጉብታ ይሁን። ዛፉንም አታቁስሉት።

«የፀሐይ መነጽር አድርጌያለሁ።» ያ ለፀሐይ ነው። «ዜድ 87» የሚል ምልክት ያለበት የደኅንነት መነጽር ጥቂት ብር ነው። ቆሞ የሚያየውም ያድርግ።

«አንድ ወፍ ቢመታ ምን አለበት?» በልጅነታችን ወፍ ያላሳደድን የለንም፣ ይገባኛል። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የፍልሰተኛ አእዋፍ ሕግ የአገሩ ወፍ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጠበቀ ነው። የቨርጂኒያ ምልክት የሆነው ቀዩ ካርዲናልም ጭምር።

«ፔለቱን ለጊዜው አፌ ውስጥ ልያዘው።» አይቼ ነው የምናገረው፣ አዋቂ ሰው! እርሳስ መርዝ ነው፣ ልጆች ላይ ደግሞ ይከፋል። የነካ እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ሳኒታይዘር እርሳስ አያነሳም። እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው። ባለፈው ዓመት አንዱ ወዳጄ ሃያ ፔለት ሲያጎርስ ውሎ በዚያው እጁ ጥብስ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ መጣ። ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ነው ያላችሁኝ ሁሉ፣ እምቢ አልኩት። ታጥቦ ሲመጣ ግን ሁለት አጎረሰኝ።