«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ»

ለቅሶ ቤት የሚመላለስ ሰው ይህን ምርቃት ሳይሰማ አይቀርም። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ለማንም ሐዘንተኛ ይባላል። ሐዘኑ ሲከብድ፣ በተለይ ልጅ የሞተበት ሰው ፊት፣ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ይጨመርበታል። ትርጉሙ፦ የደረሰብህን እኛ ልናነሳልህ አንችልም፤ የምትሸከምበትን አቅም ግን እሱ ይስጥህ። ሙስሊም ወገኖቻችንም ነቢዩ አዩብን በትዕግሥቱ ያውቁታል፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ይላሉ። ለአንድ ፊርማ ሲመላለስ የከረመ ባለጉዳይም «የኢዮብ ትዕግሥት ይጠይቃል» ማለቱ አይቀርም።

ታሪኩ የሚገኘው በመጽሐፈ ኢዮብ ነው። ኢዮብ ዖፅ በሚባል አገር የሚኖር ባለጸጋ ነበር። 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች፣ 7 ሺህ በጎች፣ 3 ሺህ ግመሎች ነበሩት። በአንድ ቀን ሁሉም አለቀ። አንዱ መርዶ ነጋሪ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስ ነበር። የመጨረሻው መርዶ የልጆቹ ነው፤ ቤት ተደርምሶባቸው። ኢዮብ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ መሬት ላይ ወድቆ ሰገደ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» ያለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ደግሞ መላ አካሉ ቆሰለ፤ አመድ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን በገል ያክ ጀመር።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። ከዚያም የሚያለቅሰውን ሰው «በቃ፣ እንደ ኢዮብ ቻለው እንጂ» እያልን ዝም ልናሰኘው እንሞክራለን። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው፤ ገና በ3ኛው ላይ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ ያለቅሳል፣ ይሟገታል፣ «ለምን?» ይላል። ግን ሙግቱም ልቅሶውም ወደ ፈጣሪው ነው። ፊቱን አላዞረበትም። ትዕግሥቱ ይሄ ነው።

ሦስቱ ወዳጆቹስ? ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት እጅግ ደግ ነገር ነበር፤ 7 ቀንና 7 ሌሊት ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የኛ ለቅሶ ደራሽም ይህን ያውቅበታል፤ ገብቶ ጥግ ይይዛል፣ ብዙ ሳይናገር አምሽቶ ይሄዳል። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ኃጢአት ባይኖርብህ ይህ ሁሉ አይደርስብህም ነበር» አሉት። ዛሬም የታመመ ሰው አልጋ ሥር ቆሞ «ምን አጥፍተህ ይሆን?» የሚል አይጠፋም። «ሌላ ልጅ ይሰጥሻል» የሚሉም አሉ። ኢዮብ በመጨረሻ ሌሎች 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ወልዷል። የሞቱት ተመለሱ የሚል ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ፍርዱ ምዕራፍ 42 ላይ ነው። እግዚአብሔር ኤልፋዝን «በአንተና በሁለቱ ባልንጀሮችህ ላይ ተቆጥቻለሁ» አለው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገሩምና። ያ ሁሉ ያለቀሰውና የተሟገተው ኢዮብ «ባሪያዬ» ተባለ። ወዳጆቹም መሥዋዕት ይዘው ወደ እሱ እንዲሄዱና እሱ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ሊያጽናኑ የመጡት ምሕረት ያገኙት በሐዘንተኛው ጸሎት ነው።