የመንፈስ ምሪት ምንድን ነው?

በማዘጋጃ ቤት ደጅ «ምሪት» ሲባል የሰማ ሰው የሚያስበው የቤት መሥሪያ ቦታ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በተለይም በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ፣ ቃሉ መንፈስ ቅዱስ አማኙን በዕለት ኑሮው መምራቱን ያመለክታል። ብዙዎቻችን ግን «ምሪት አገኘሁ» የምንለው ሥራ ለመቀየር፣ ለመጋባት ወይም ከአገር ለመውጣት ስንወስን ብቻ ስለሆነ፣ የሐሳቡ ሰፊው ክፍል ሳይነካ ይቀራል።

ዘወትር የሚጠቀሰው ሮሜ 8፥14 በእግዚአብሔር መንፈስ የሚመሩ ሁሉ የእግዚአብሔር ልጆች መሆናቸውን ይናገራል። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 13 የሚያወሳው ግን ስለ ትዳር ወይም ስለ ጉዞ ምርጫ ሳይሆን የሥጋን ሥራ በመንፈስ ስለ መግደል ነው፤ ገላትያ 5ም መመራትን ከሥጋ ምኞት ጋር ከሚደረገው ትግል ጋር አያይዞ፣ የመንፈስን ፍሬ ከፍቅር ጀምሮ ራስን እስከ መግዛት ይዘረዝራል። እንግዲህ ከሥራ ባልደረባው ጋር ተጣልቶ ቤቱ የገባ ሰው፣ ሌሊት በስልኩ የስድብ መልእክት ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ሊልከው ሲል ልቡ እምቢ ብሎት ቃል በቃል ቢያጠፋውና ጠዋት ለይቅርታ ቀድሞ ቢሄድ፣ ድምፅ ባይሰማም፣ ራእይ ባያይም፣ በመንፈስ ተመርቷል።

በእርግጥ መንፈስ ቅዱስ በተለየ መንገድም ይናገራል። በሐዋርያት ሥራ 8 ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላ እንዲቀርብ ያዘዘው መንፈስ ነው። በምዕራፍ 16 ደግሞ ጳውሎስና ባልንጀሮቹ በእስያ እንዳይሰብኩ ተከልክለው፣ ወደ ቢታንያም ሊገቡ ሞክረው ሳይፈቀድላቸው ቀርቶ ጢሮአዳ ወረዱ። እዚያ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ያየው ጳውሎስ ብቻ ነበር፤ ጸሐፊው ስለ ጉዞው ውሳኔ ሲናገር ግን «እኛ» እያለ ነው፤ ራእዩ የአንዱ ቢሆንም ውሳኔው የሁሉም ነበር።

«ጌታ ተናገረኝ» የሚለው አነጋገር የሚያሳስበኝ ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ወጣት «ሚስቴ እንደምትሆኚ ጌታ ነግሮኛል» ሲላት፣ ልጅቷ ብትከለክለው እግዚአብሔርን የተቃወመች ይመስላታል፤ እርሱ ግን ከመጠየቅም ከመመርመርም አመለጠ። 1 ተሰሎንቄ 5 «መንፈስን አታጥፉ» ባለበት አፍ «ሁሉን ፈትኑ» ይላልና፣ ይህ ወጣት ነገሩን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ማስተያየት፣ ለሚያውቁት ሽማግሌዎች መንገርና «ተሳስተሃል» ቢሉት መስማት ይገባው ነበር። ልጅቷም ጊዜ ወስዳ፣ ራሷ ጸልያ፣ የራሷን መልስ ብትሰጠው ምሪቱን አልናቀችም፤ ያው መንፈስ ለእርሷም ይናገራልና።