«ምን በልተህ ነው?» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ዓይነት 1 ስኳር ሕመምና ስለሚያመጣው ጭንቀት

«ዓይነት 1 የልጆች በሽታ ነው።» አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት በየትኛውም ዕድሜ ሊያጠቃ ይችላል። በ40 ዓመቱ የሚነገረውም ሰው አለ።

«የስኳሩ ቁጥር ከፍ ካለ ሰውየው ተዘናግቷል ማለት ነው።» ይሄኛው ያናድደኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ሰው በላብ ተጠምቆ ይነቃል። ጣቱን ወግቶ ሲለካ ስኳሩ ወርዶ 58 ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጁስ ይጠጣል። ረሃቡ ስለማያስችል ይደግማል። ጠዋት ከልክ በላይ ወጥቶ 240 ሆኖ ያገኘዋል። ያንን ቁጥር ያየ ሁሉ «ምን በልተህ ነው?» ይለዋል። ጉንፋን፣ ውጥረት፣ የወር አበባ፣ የንጋት ሆርሞኖች ሁሉ ስኳርን ያዛባሉ። ያው ምግብ፣ ያው መርፌ፣ ግን ሌላ ቁጥር!

«መከፋቱ ድባቴ ነው፤ መድኃኒት ይሰጠው።» ሁለቱ ይለያያሉ። ድባቴ ሲይዝ ሕይወት በሙሉ ጣዕም ያጣል። በስኳሩ የተማረረ ሰው ግን ከጓደኛው ጋር ስቆ ተጫውቶ፣ መለኪያውን ሲያወጣ ፊቱ ይጠቁራል። የሚከብደው ስኳሩን የመቆጣጠሩ ዕረፍት የሌለው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች ይህንን ጫና የሚለካ 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አወጡ። ውጤቱ ከ100 ይሰላል፤ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጫናው ከባድ ነው። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ይህን ሸክም አያነሳም። ሁለቱ አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ግን ሐኪም ይያቸው። በተለይ መኖር ያስጠላው ሰው አንድ ቀን እንኳ መቆየት የለበትም።

«ስኳር ይወርድብኛል ብሎ መፍራት ማጋነን ነው።» አንዴ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ለምን አይፍራ? ደግሞ ስኳር ሲወርድም ሰው ሲደነግጥም አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ስለሚለቀቅ ላቡና የልብ ምቱ አንድ ዓይነት ነው። መለየት የሚቻለው በመለካት ነው። አንዳንዱ እንዳይወርድበት ብሎ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል እንጂ አያሳፍርም። ሰልችቶት ኢንሱሊኑን የተወ ሰው ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ስለሆነ ያንኑ ቀን ይናገር።

«ቤተሰብ በተቆጣጠረ ቁጥር ይሻላል።» «ይሄ ይፈቀድልሃል?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ተደብቆ እንዲበላ ያደርገዋል እንጂ አይረዳውም። «ምን ላግዝህ?» ይሻላል።

«የሦስት ወሩ ምርመራ ጥሩ ከሆነ ደህና ነው።» ያ ቁጥር የሦስት ወሩ የስኳር መጠን አማካይ ነው። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ አያሳይም። ሐኪሙ ወረቀቱን ካየ በኋላ ቀና ብሎ «አሁን ከስኳሩ በጣም የከበደህ ምኑ ነው?» ይበለው።