የዱባ የመጨረሻ ወቅት እድገት ግምት ምንድን ነው?

ከሐረጉ ያልተቆረጠ ትልቅ ዱባ እስኪለቀም ድረስ ስንት ኪሎ እንደሚጨምር ማስላት ማለት ነው። ግዙፍ ዱባ ለውድድር የሚያሳድጉ ሰዎች እንዲህ ያለ ስሌት ይጠቀማሉ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሚዛን ላይ የወጣው ዱባ 1,247 ኪሎ መዝኗል። ሐረር ጓሮ ውስጥ ላለ ዱባም ስሌቱ ያው ነው።

መጀመሪያ ሦስት ልኬቶች ይወሰዳሉ፦ የዱባው ዙሪያ፣ ከሐረጉ ጋር ከተያያዘበት ጫፍ አበባው ወደነበረበት ጫፍ በጀርባው ላይ ከመሬት እስከ መሬት፣ እንዲሁም ከጎን ወደ ጎን በዚያው መልክ። መኪና ግርግር በተባለው የሐረር መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የሚይዙት ሜትር 150 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ለትልቅ ዱባ ያጥራል፤ በሲባጎ ለክቶ ሲባጎውን በሜትር መለካት ይሻላል። የሦስቱ ድምር ቀድሞ ከተመዘኑ ዱባዎች ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱን ይጠቁማል። ድምሩ በ1 በመቶ ሲያድግ ክብደቱ በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዓይን የሚገምት ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

ዋናው ነገር ግን መጠኑ ሳይሆን የጭማሪው አቀናነስ ነው። ዱባው ባለፈው ሳምንት 12 ኪሎ፣ በዚህ ሳምንት 6 ኪሎ ጨመረ እንበል። በየሳምንቱ እንዲሁ በግማሽ ከቀነሰ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 1.5 እያለ ይሄዳል፤ የቀረው በሙሉ ቢደመር ከ6 ኪሎ አያልፍም። የዚህ ሳምንቱ ጭማሪ 9 ኪሎ፣ ማለትም ያለፈው ሳምንት ሦስት አራተኛ ቢሆንና በዚያው ልክ እየቀነሰ ቢሄድ ኖሮ ግን ቀሪው እስከ 27 ኪሎ ይደርስ ነበር! የሦስት ኪሎ ልዩነት ይህን ያህል ስለሚያሰፋ፣ ሳይታክቱ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት መለካት ግዴታ ነው እላለሁ።

ይህ ሁሉ የአየሩ ሁኔታ ካልተለወጠ ነው። ሐረር ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ይሳሳል፣ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ይበርዳል፤ ብርዱ እድገቱን ከስሌቱ ቀድሞ ሊገታው ይችላል። ቆላማዋ ድሬዳዋ ላይ ሌሊቱ ሞቃት ስለሆነ ወሳኙ ውኃ ነው። ደርቆ የቆየ መሬት ላይ በድንገት ብዙ ውኃ መልቀቅ ግን ዱባውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ዙሪያው ማደግ አቆመ ማለት ክብደቱም ቆመ ማለት አይደለም። ሥጋው ወደ ውስጥ እየወፈረ ሊቀጥል ይችላል፣ ሜትሩም ይህን አያይም። ስለዚህ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሐረጉም እርጥብ ከሆነ ለመቁረጥ አትቸኩሉ።