የአሜሪካ ገጠር ፖስተኛ እረፍት ሲወጣ ሩቱን ማን ይይዝለታል?

አሜሪካ ውስጥ የገጠር ፖስተኛ፣ እነሱ ሩራል ካሪየር የሚሉት፣ አንድ ቀን ቢቀር ስራው አያድርለትም። ሌላ መስሪያ ቤት ቢሆን ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፣ ባለጉዳዩም ነገ ተመለስ ይባላል፣ እዚህ ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየመንገዱ ዳር ያለው ሳጥን በሙሉ መዳረስ አለበት፣ የጡረተኛ መድኃኒት አለ፣ ቼክ አለ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አለ፣ ለዶሮ አርቢው ደግሞ በካርቶን ሆነው የሚንጫጩ ጫጩቶች ሁሉ ይመጣሉ (እውነት ነው፣ ገና የተፈለፈለ ጫጩት በፖስታ ይላካል)። ስለዚህ ቋሚው ፖስተኛ ሲያርፍ፣ ሲታመም፣ ልጅ ሊድር ሲሄድ ሩቱን (በየቀኑ ፖስታ እያደረሰ የሚዞርበትን መንገድ) የሚያውቅ ሌላ ሰው ከወዲሁ መኖር አለበት። ይሄ ሰው በወረቀት ላይ ሩራል ካሪየር አሶሺዬት፣ ባጭሩ አርሲኤ ይባላል፣ ፖስታ ቤት ውስጥ ያሉት ግን ሳብ (ተተኪ ለማለት ነው) ነው የሚሉት፣ እኛም እንደዛው እንበለው።

እኛ አገር ደብዳቤ የሚመጣው ፖስታ ሳጥን ቁጥር ላይ ስለሆነ ቁልፍ ይዘን የምንሄደው እኛው ነን። የአሜሪካ ገበሬም ድሮ እንደዛው ነበር፣ ፖስታ ቤት ድረስ ካልሄደ ደብዳቤ የለም። ኦክቶበር 1 ቀን 1896 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ቻርልስ ታውን፣ ሃልታውንና ዩቪላ በሚባሉ ቦታዎች ደብዳቤ በነፃ ገጠር ቤት ድረስ ማድረስ በሙከራ ተጀመረ፣ በ1902 ቋሚ አገልግሎት ሆነ። የዛን ጊዜ ፖስተኛ ፈረሱም ጋሪውም የራሱ ነው፣ ሲታመም የሚተካውንም ሰው የሚያዘጋጀው እሱው ነበር፣ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ወይ ከጎረቤት ነበር የሚገኘው። በ1903 ቺካጎ ላይ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፣ ናሽናል ሩራል ሌተር ካሪየርስ አሶሲዬሽን ይባላል፣ እስከ ዛሬ ከፖስታ ቤቱ ጋር ኮንትራት የሚደራደርላቸውም ይሄው ዩኒየን ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ጀምሮ ደግሞ ትልልቅ ጥቅል በፖስታ መላክ ስለተፈቀደ ሸክሙ በጣም ጨመረ፣ ስራው ቤተሰብ ዝም ብሎ ተክቶ የሚሰራው መሆኑ እየቀረ ሄደ።

ሩራል ሲባል የግድ ላምና የበቆሎ እርሻ እንዳይመስላችሁ። ትልልቅ ከተሞች ዳር አዲስ የተሰሩ ሰፈሮች፣ ታውን ሃውሱም አፓርታማውም፣ ብዙዎቹ በሩራል ሩት ነው የሚሸፈኑት። ከከተማው ፖስተኛ ጋር ያለው ዋና ልዩነት የዩኒየኑና የአከፋፈሉ ጉዳይ ነው። የከተማው በሰራው ሰዓት ይከፈለዋል፣ የገጠሩ ግን ሩቱ ራሱ ይመዘናል፣ ስንት ሳጥን አለው፣ ስንት ማይል ነው፣ በሳምንት ምን ያህል ደብዳቤና ፓርሰል ይወጣበታል ተብሎ "ይሄ ሩት በሳምንት ይሄን ያህል ሰዓት ይፈጃል" የሚል ኤቫሉዌሽን ይወጣለታል፣ ደመወዙ በዛ ነው። ቶሎ ጨርሶ ቤቱ ቢገባም ያው ነው፣ ቢዘገይም በአብዛኛው ያው ነው።

የእረፍቱ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኤቫሉዌሽኑ ሩቶቹን ኤች፣ ጄ እና ኬ በሚሉ ፊደሎች ይከፍላቸዋል። ኤች ሩት ያለው ሰው በሳምንት 6 ቀን ይሰራል፣ ጄ ያለው በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ያርፋል፣ ኬ ያለው በየሳምንቱ አንድ ቀን። ሁሉም ኬ ሩት ነው የሚመኘው፣ ግን ኬ ሩት ማለት ቋሚው ፈቃድ የሚባል ነገር ሳይጠይቅ ገና በዓመት 52 ቀን ሳብ ያስፈልገዋል ማለት ነው። እዛ ላይ የዓመት ፈቃዱን ጨምሩበት፣ ከ3 ዓመት በታች ያገለገለ በዓመት 13 ቀን፣ ከ3 እስከ 15 ዓመት 20 ቀን፣ ከ15 በላይ 26 ቀን ነው። አንጋፋው ፖስተኛ ብቻውን 78 ቀን ተተኪ ይፈልጋል፣ በዓመት 13 ቀን የሚጠራቀመውን የሕመም ፈቃድ ሳንቆጥር። እንግዲህ አስር ሩት ያለው ፖስታ ቤት ስንት ሰው በተጠባባቂነት መያዝ እንዳለበት አስቡት።

የከተማዎቹ ይሄን በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። አምስት ሩት አንድ ላይ ታስሮ የአምስቱን የእረፍት ቀን እየተዘዋወረ የሚሸፍን ቲ ሲክስ የሚባል ቋሚ ሰራተኛ አላቸው፣ ደመወዙም ትንሽ ከፍ ይላል። ገጠሩ ጋ ግን ሸክሙ በአብዛኛው ያረፈው ቋሚ ባልሆነው ሳብ ላይ ነው፣ በኔ እይታ የችግሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነው ያለው።

ፈቃድ አጠያየቁ ራሱ ቀላል ነው። ቋሚው 3971 የምትባለውን ፎርም ሞልቶ ለሱፐርቫይዘሩ ይሰጣል፣ የዓመቱ ካላንደር ላይ ሳምንት ሲመረጥ ደግሞ ቅድሚያው በአገልግሎት ዘመን ነው፣ ስለዚህ የጁላይ 4 ሳምንት፣ የታንክስጊቪንግ ሳምንት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ሳምንት ሁሌም አንጋፋዎቹ ኪስ ውስጥ ነው። ዲሴምበርን ባትጠይቁ ይሻላል፣ የፓርሰል ጎርፍ ስለሆነ ማንም በቀላሉ አይለቅም። ለሐበሻ ፖስተኛ ይሄ ትልቅ ጣጣ ነው፣ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ አገር ቤት ቤተሰብ ጋ ለመዋል ትኬቱ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ነው የሚቆረጠው፣ ጥምቀትን ወይ ፋሲካን ያሰበ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ወር ሙሉ ለመሄድ ያሰበ ደግሞ ቀኖቹን ከማጠራቀም ሌላ ሩቱን የሚይዝ ሳብ መኖሩን ቀድሞ ማጣራት አለበት፣ ምክንያቱም ቀን ኖሮህ ሰው ከሌለ ፎርሙ አልተፈቀደም ተብሎ ይመለሳል።

ማን ይጠራል ለሚለው ማኔጀሩ እንደፈቀደው አይደውልም፣ ኮንትራቱ ተራ አለው። በጥቅሉ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠራው ለዛ ሩት በዋናነት የተመደበው ሳብ ነው፣ እሱ ካልቻለ ሩቱን በሁለተኛነት የያዘው፣ ከዛ ሌሎቹ፣ እየተጠራ ግን የሳምንቱ 40 ሰዓት እንዳያልፍ ይታያል ምክንያቱም ከዛ በላይ ኦቨርታይም ነው። ሳብ ከጠፋ በእረፍት ቀናቸው ለመስራት ፈቃደኛ ነን ብለው ሊስት ላይ የፈረሙ ቋሚዎች አሉ፣ እነሱ ይመጣሉ። ኬ ሩት ያለው ሰው የእረፍት ቀኑን ሲሰራ እንደየሁኔታው ተጨማሪ ብር ያገኛል ወይ ደግሞ ኤክስ ዴይ የሚባል በኋላ የሚወሰድ የእረፍት ቀን ይያዝለታል፣ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ያንን ኤክስ ዴይ ለመውሰድም መልሶ ሳብ ያስፈልጋል! እሱም ካልሆነ ከጎረቤት ፖስታ ቤት ሰው መበደር አለ፣ ወይ ሩቱን ቆራርጦ ለየሰዉ አንድ አንድ ሰዓት ማከፋፈል፣ ያኔ አንዳንዱ ሳጥን ፖስታው ከመሸ ነው የሚደርሰው።

ሳቡ ጠዋት ሲገባ ምን ይጠብቀዋል? ፊት ለፊቱ ኬዝ አለ፣ ሦስት ክንፍ ያለው የብረት መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ ቤት በውስጡ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው፣ አቀማመጡም በፊደል ወይ በመንገድ ስም ሳይሆን መኪናው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። ትንንሹ ደብዳቤ በማሽን ተደርድሮ ነው የሚመጣው፣ መጽሔቱንና ትልልቅ ፖስታውን ግን በእጅ ነው እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የሚሰኩት፣ ቋሚው ለዓመታት ስለሰራው እጁ ብቻውን ይሄዳል፣ ሳቡ ግን አድራሻውን እያነበበ፣ ኬዙ ላይ ክፍሏን እየፈለገ፣ "ይሄ ሰው ለቆ ሄዷል፣ የዚህ ሰው ፖስታ ይቆይ" የሚሉትን ካርዶች እያየ ነው። ደግሞ ካርድ ላይ የማይጻፍ እውቀት አለ፣ የትኛው ግቢ ውሻው እንደሚናከስ፣ የትኛዋ እናት ፓርሰሏ ከኋላ በር እንዲቀመጥላት እንደምትፈልግ፣ ዝናብ ሲዘንብ የትኛው ኮረኮንች መኪና እንደሚውጥ። ጨዋ ቋሚ ይሄን ሁሉ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ኬዙ ላይ ለጥፎለት ይሄዳል፣ ጨዋ ያልሆነው ደግሞ ከፈቃዱ ሲመለስ ሩቴን አበላሸብኝ ብሎ ያማርራል። አዲስ ሳብ ሩቱ ላይ የሚለማመደው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፣ ከዛ በቃ ቁልፍ ይሰጠዋል።

መኪናውም ሌላ ታሪክ ነው። ብዙ ገጠር ሩቶች ላይ ፖስታ ቤቱ መኪና አያቀርብም፣ ሰራተኛው በራሱ መኪና ይሰራና የመኪና አበል ይከፈለዋል። ሳጥኑ ያለው በቀኝ በኩል ስለሆነ መሪው በቀኝ የሆነ አሮጌ ጂፕ ወይ ከጃፓን የገባ መኪና ፈልገው የሚገዙ አሉ። ሳብ ግን በሳምንት አንድ ቀን ለምትሰራ ስራ መኪና መግዛት ስለማያዋጣው ተሳፋሪ ወንበር ላይ ይቀመጥና በግራ እጁ መሪውን በግራ እግሩ ፍሬኑንና ነዳጁን እየነካ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ይውላል፣ ማታ ወገቡ ምን እንደሚል መገመት ነው።

ክፍያው ላይ ሳቡ ሰዓቱ በግምት 20 ዶላር አካባቢ ይጀምራል፣ ግን እሱም እንደ ቋሚው በሩቱ ኤቫሉዌሽን ነው። ሩቱ የቀን 8 ሰዓት ተኩል ከተባለ ቋሚው በ7 ሰዓት ውስጥ ጨርሶ የ8 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ ሩቱን ያልለመደ ሳብ ግን 10 ሰዓት ተንከራትቶም በሳምንቱ ከ40 ሰዓት ካላለፈ ያችኑ 8 ተኩል ነው የሚያገኘው። የተረጋገጠ ሰዓት የለውም፣ አንድ ሳምንት አንድ ቀን ይጠራል፣ ሌላ ሳምንት ስድስት ቀን፣ ስልኩም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሊጮህ ይችላል። ሌላ ስራ ይዞ ይሄን ማቻቻል ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ ከወራት አያልፉም፣ እነሱ በለቀቁ ቁጥር ደግሞ የቋሚው ፈቃድ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። አንድ ሩትና አንድ ሳብ ብቻ ያለው ትንሽ ፖስታ ቤት ውስጥማ ሳቡ ከለቀቀ ቋሚው ሌላ ሰው ተቀጥሮ፣ ተጣርቶ፣ ሰልጥኖ እስኪመጣ ወራት ሊጠብቅ ይችላል።

የቅርብ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይሄን የበለጠ አወሳስበውታል። አንደኛው አማዞን ነው፣ ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ ፖስታ ቤቱ እሁድም የአማዞን ፓርሰል ማድረስ ጀመረ፣ እሁድን ደግሞ የሚሰሩት በዋናነት ሳቦቹ ናቸው። እሁድ የሰራ ሳብ ሳምንቱ ሳያልቅ 40 ይሞላበታል፣ ስለዚህ ማኔጀሩ ለቋሚው እረፍት ሊጠራው ሲል ኦቨርታይም ይሆንበታል። በዋናነት ለእሁድና ለበዓል የሚቀጠሩ ኤአርሲ የሚባሉ ሰራተኞች የመጡት ይሄን ለማቅለል ነው። ሁለተኛው በሜይ 2023 ስራ ላይ የዋለው አዲሱ የምዘና ሲስተም ነው፣ ፖስተኛው በእጁ የሚይዘው ስካነር የሚሰበስበውን መረጃ እየተጠቀመ ሩቱን ይመዝናል፣ በዛ ምክንያት የብዙ ሩት ሰዓት ወርዶ ደመወዝ ተቀነሰ፣ አንዳንዱም ኬ የነበረው ሩቱ ወርዶ በሳምንት 6 ቀን መስራት መጣበት፣ በዩኒየኑም በሰራተኛውም በኩል ብዙ ጩኸት ነበር። ለሳቡም ቢሆን ያቺ በኬ ሩቱ እረፍት በየሳምንቱ ያገኛት የነበረች ቀኑ ቀረችበት።

ረጅም ፈቃድ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ወሊድ ወይ ቀዶ ሕክምና ያለበት ቋሚ በፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በ12 ወር ውስጥ እስከ 12 ሳምንት መውጣት ይችላል፣ ባለፉት 12 ወራት 1250 ሰዓት ከሰራ። ያኔ ሳቡ ለሳምንታት ሩቱን ሙሉ ይይዘዋል፣ ቋሚ ገቢ አለው፣ ሩቱን ጠንቅቆ ይለምዳል፣ ብዙ ሳቦች ስራውን በደንብ ያወቁት በዚህ ዓይነት ጊዜ ነው።

አንዳንድ ራቅ ያሉ መንገዶች ደግሞ ጭራሽ የፖስታ ቤቱ ሰራተኛ የላቸውም፣ በጨረታ ለኮንትራክተር ይሰጣሉ። ስታር ሩት የሚባለው የቆየ አሠራር ነው፣ መሠረቱ የ1845 ሕግ ነው። እዛ ኮንትራክተሩ ሲያርፍ ተተኪ ፈልጎ የሚያቀርበው፣ ከኪሱም የሚከፍለው ራሱ ነው፣ ተተኪው ግን በፖስታ ቤቱ ማጣሪያ ማለፍ አለበት።

ሳብ ቋሚ የሚሆነው ሩት ሲለቀቅና ተራው ሲደርስ ነው። ሕዝቡ እየጨመረ ያለ የከተማ ዳር ፖስታ ቤት ውስጥ ቶሎ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን አንድ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ዓመታት መጠበቅ አለ። መግባት የሚያስብ ሰው የአሜሪካ ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ፣ ቢያንስ 2 ዓመት የመንዳት ልምድና ንጹህ የመንጃ ሪከርድ ያስፈልገዋል፣ 474 የሚባለውን የኦንላይን ፈተናም ማለፍ አለበት። ከማመልከቱ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ጥሩ ነው፣ ሩቱ በራስ መኪና ነው ወይስ በፖስታ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱስ ለስንት ሩት ስንት ሳብ አለው። አምስት ሩት ላይ ብቻውን ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ብለው የቀጠሩት ሰው ስድስት ቀን እንደሚሰራ ከወዲሁ ይወቀው።