ኦቨርፕሪንት ምንድን ነው? ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም

ስለ ድሮ ሜይንፍሬሞች (የትልልቅ ድርጅቶች ግዙፍ ኮምፒውተሮች) ወሬ በተነሳ ቁጥር «ላይን ፕሪንተር (መስመር በመስመር የሚያትም ማተሚያ) ፊደል የሚያደምቀው እንደ ታይፕራይተር ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመልሶ እየደገመ ነው» የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ጽፎ ምስጋና ሲጎርፍለት አየሁ። ኧረ ምኑ ነው የሚመለሰው?

በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣውን አይቢኤም 1403 የተባለ ላይን ፕሪንተር እንውሰድ። ፊደሎቹ ያሉት በአግድም በሚሽከረከር ሰንሰለት ላይ ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ለእያንዳንዱ የፊደል ቦታ አንድ መዶሻ አለ፤ በተለመደው ሞዴል 132። የተፈለገው ፊደል ፊቱ ሲደርስ መዶሻው ወረቀቱን ከሪባኑ (ቀለም ከነከረው ጥብጣብ) እና ከፊደሉ ጋር ያላትመዋል።

ዳስ ውስጥ በአንድ ረድፍ የተቀመጡ 132 እንግዶችን አስቡ። አሳላፊዎች 48 ዓይነት ወጥ ይዘው ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ እንግዳ የሚወጣለት የታዘዘለት ወጥ ሲደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳር የተቀመጠው ከመሃለኛው ይቅደም የሚል ሥርዓት የለም። ለሁሉም ሲዳረስ ረድፉ ይነሳና ሌላ ይቀመጣል፤ ወረቀቱ አንድ መስመር ተሳበ ማለት ነው። ኦቨርፕሪንት፣ ማለትም ወረቀቱ ሳይሳብ በታተመው መስመር ላይ ደርቦ ማተም፣ ረድፉ «አትነሱ» ሲባል ነው። በዚያው እንጀራ ላይ ሁለተኛ ዙር ይወጣል፤ የመጀመሪያውን ወጥ ግን ማንም አላነሳውም። በስክሪን ያደገ ሰው የሚስተው ይህን ነው፤ ስክሪን ላይ አዲሱ ፊደል አሮጌውን ያባርራል፣ ወረቀት ላይ ግን ቀለም በቀለም ላይ ይጨመራል። ዙሩም በነፃ አይደለም። በደቂቃ 600 መስመር የሚያትም ማሽን እያንዳንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ከመታ ወደ 200 ይጠጋል።

ወረቀቱ ምን ያህል ይሳብ የሚለው ትዕዛዝ የሚሰጠው በመዝገቡ (ፕሮግራሙ ለማተሚያው በሚልከው የአንድ መስመር ጽሑፍ) የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ እሱ ራሱ አይታተምም። ባዶ ከሆነ አንድ መስመር፣ «0» ሁለት፣ «-» ሦስት፣ «1» አዲስ ገጽ፣ «+» ደግሞ ባለህበት እርጋ። ርዕስ ለማስመር መጀመሪያ በባዶ የሚጀምር ርዕሱን የያዘ መዝገብ፣ ቀጥሎ በ«+» የሚጀምር የ«_» ድርድር ይላካል። «+»ን ርዕሱ ላይ ብታደርጉት ርዕሱ ከበላዩ ካለው መስመር ጋር ይጨፈለቃል፤ ወረቀቱ የሚሳበው ከመታተሙ በፊት ነውና። በእነዚህ ምልክቶች ፈንታ ትዕዛዙ በማሽኑ የራሱ ኮድ ሲሰጥ ነገሩ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ይታተማል፣ ኋላ ይሳባል። እዚህ ላይ ያልተሳሳተ ፕሮግራመር አላውቅም። ደግሞም «_» ሁሉም ሰንሰለት ላይ አይገኝም፤ 48 ፊደል ያለው የተለመደው ሰንሰለት ጭራሽ አልነበረውም።

ለማድመቅ ያንኑ ጽሑፍ መድገም ይበቃል። በሰንሰለት ማተሚያ የመዶሻው ምት በጥቂቱ ቀደም ወይም ዘግየት ስለሚል ሁለተኛው ፊደል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሸርተት ይላል፤ ፊደሉን የሚያወፍረው ይህም ነው። (ፊደሎቹ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተቀረጹበት በከበሮ ማተሚያ ሽርተታው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ሁለቱን አንድ አታድርጉ።) ለፎቶ መሰል ሥዕሎች የተለያዩ ፊደሎችን ደርቦ ጥቁረት ማበጀት ይቻላል፤ ግን በአግድም በኢንች 10 ፊደል፣ በቁመት በኢንች 6 መስመር ስለሆነ፣ ካልታሰበበት የተሣለው ፊት ሽቅብ ይለጠጣል። አንድ ቦታ ያለ ልክ መደብደብም ሪባኑን ይበላል፣ ወረቀቱን ይበሳል።

ሰው ሁሉ ስለ ሥዕሎቹ ያወራል፤ እኔ የማደንቀው ግን ሲስተሙ በተለያዩ ሰዎች የኅትመት ሥራዎች መካከል በሚያስገባው መለያ ገጽ ላይ የወረቀቱን መታጠፊያ በድርብርብ ምልክት ማጥቆሩን ነው። ኦፕሬተሩ የተቆለለውን ወረቀት ሳይገልጥ፣ ጠርዙን ብቻ አይቶ የማን ሥራ የት እንዳለቀ ያውቅና እዚያው ላይ ይቀድደዋል።